ድስት የተያዘበት ማሊያ

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ የክፍሌን በር በእግሯ ጫፍ መታ መታ አደረገችው።

"ማሙሽ፣ ተነሥ። ኳሶቹን ማን ሊሸከምልኝ ነው?"

ሃያ ዓመት አልፎኛል። መገናኛ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፤ ፂምም አለኝ። እሷ ግን አሁንም ማሙሽ ትለኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ቢጠራኝ እጣላለሁ። የእሷን ለምጄዋለሁ።

ስለዚያ ቀን መጻፍ ይከብደኛል። ከባድ ነገር ስለነበረበት አይደለም፤ ምንም ስላልነበረበት ነው። ኳሶቹን በመረብ ከረጢት ተሸከምኩ፤ እሷ ውሃውን ያዘች። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለውን ዳገት ይዘን ወደ እንጦጦ ወጣን። ዳገት ላይ እህቴ ደህና ናት። ሁልጊዜም ትቀድመኛለች። የሚያሳምማት ቁልቁለት ነው። ስትወርድ ደረጃ እንደምትወርድ አሮጊት ወደ ጎን ወደ ጎን እያለች፣ የእኔን ትከሻ ይዛ ነው። ሰው ሲመጣ ትለቀኛለች። ሰው ሲያልፍ መልሳ ትይዘኛለች።

ባሕር ዛፎቹ መሃል ገላጣ ቦታ አለ። ሜዳ ብለን እንጠራዋለን እንጂ ሜዳ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ኳስ ከወጣ ለመመለስ ብዙ መሮጥ አለ። እህቴ የሰፈር ሴቶች ልጆችን የምታሠለጥነው እዚያ ነበር። ልጆቹ "ኮች" ይሏታል። የለበሰችው አሮጌ ማሊያዋን ነው። ከተጫወተችበት ክለብ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ሰማያዊነቱ ለቅቆ ግራጫ መስሏል። ጀርባው ላይ ያለው አራት ቁጥር ተሰነጣጥቋል።

እህቴ የመሃል ተከላካይ ነበረች። ይህን ከዚህ በፊት ጽፌው ነበር፤ አልተነበበም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

"ኳሷን አትዪ!" ትጮሃለች። "ወገቧን እዪ! ኳስ ይዋሻል፤ ወገብ አይዋሽም!"

አንዷ ልጅ ተንሸራታ ወደቀች። ኳሱም ሄደ፣ አጥቂዋም ሄደች።

"አየሽ? ሸርተቴ የመጨረሻ ነው። ምንም ሲጠፋ ነው። ከወደቅሽ አንድ ሰው ጎደልን ማለት ነው። ዝም ብለሽ ቁሚ። ፊቷ ቁሚና መንገዱን ንሺያት። ራሷ ትሳሳታለች።"

"ኮች፣ ብትመታኝስ?"

"ትምታሻ! ለዚህ ነው የቆምሽው።"

ልጆቹ ሳቁ። ደህና ጫማ ያደረጉ ሯጮች መጡና ቆመው ስልካቸውን አወጡ። አንዱ "ዋው፣ ሴቶች ናቸው እኮ" አለ። እህቴ ዞር ብላ አላየችውም። እኔ ግን አየሁት። ያኔም እንዲህ ያሉ ሰዎች ያስጠሉኝ ነበር። አሁን የሚያስጠሉኝ ሰዎች ስለበዙ እሱን ትቼዋለሁ።

ስንወርድ ሁልጊዜ የምንቀመጥባት ሻይ ቤት ገባን፤ ሻይ በፓስቲ። እህቴ የሚያማትን እግሯን ሌላ ዱካ ላይ ሰቀለችው። ስልኳን አውጥታ ወደኔ አዞረችው።

"እያት እስቲ ይቺን።"

ትልቅ ስታዲየም ነው። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ረጅም ፈረንጅ ሴት፣ ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ ይዛ ትሄዳለች። ሰው በሙሉ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። አበባ ይሰጧታል። ታለቅሳለች፤ ትስቃለች።

"ምን ሆና ነው?"

"ምንም አልሆነችም። ጫማዋን ሰቀለች። የኖርዌይ ናት፤ እንደኔ የመሃል ተከላካይ።"

"ይሄ ሁሉ ሰው ለዚህ ነው የቆመው?"

"ለዚህ ነው።"

"ስንት ጎል አላት?"

"ሂድ ወዲያ! አንተም እንደነሱ ነህ። ተከላካይ ናት አልኩህ እኮ።"

"እሺ አንቺስ ስንት አለሽ?"

መልሱን አውቀዋለሁ። እሷም እንደማውቀው ታውቃለች።

"አንድ" አለች፤ ፓስቲዋን ገምጣ። "በቴስታ። የራሳችን በረኛ እንኳ ልትነካት አልቻለችም። እንዲህ ያለች ጎል በሕይወትህ አታይም።"

"በራስሽ ላይ።"

"በራሴ ላይ ቢሆንስ? ጎል ጎል ነው!"

ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ድምፅዋ ትልቅ ነበር። ሜዳ ውስጥ ሆና ሌሎቹን "ውጡ! ግቡ! ሰው ያዙ!" ስትል የኖረች ሰው በቀስታ ማውራት አትችልም።

ያቺን የኖርዌይ ሴት ደጋግማ ታያት ነበር። በአበባው የቀናች መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ያን ቀን ነገረችኝ። "ጉልበቷን ተቀድዳ ተመልሳ ተጫውታለች" አለች። "እግሯን እየው። ስትራመድ እየው። ከሰቀለች በኋላ እንዲህ ነው የምትራመደው።" ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

የእህቴን ጉልበት ግን የነካው የክለቡ ወጌሻ ብቻ ነው። የተጎዳችበት ጨዋታ ላይ ነበርኩ፤ ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የሚያይ ሰው ብዙም አልነበረም። አጥቂዋን ተከትላ ስትዞር እግሯ ሣሩ ውስጥ ቀረ፤ ሌላው ሰውነቷ ዞረ። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ወጌሻው ሮጦ መጥቶ የሚያቀዘቅዘውን ነገር ነፋበትና "ተነሺ" አላት። ተነሣች። ቅያሪ ስላለቀ በአንድ እግሯ ጨረሰችው። ያን ጨዋታ አልተሸነፉም። በሚቀጥለው ዓመት ማንም አልጠራትም። "እግር ኳስ አቆመች" የሚሉት ውሸት ነው። እሷ አላቆመችም፤ ስልኳ መጥራት አቆመ።

ማታ ቤት ስንገባ ባቷ አብጦ ነበር።

"ጉልበቴ ነው፤ ያልፋል" አለች። እናቴ ለብ ያለ ውሃ በጨው አመጣችላት። እህቴ ማሊያዋን አውልቃ ከበሩ ኋላ ባለው ባልዲ አፍ ላይ ጣል አደረገችው።

"ነገ አጥበዋለሁ።"

"አምጪው፣ እኔ ልጠበው" አልኳት።

"አንተ? ካልሲህን እማዬ እያጠበችልህ!"

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ደህና እደሪ ማለቴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። አላልኳትም መሰለኝ። እንደዚያ ዓይነት ቤት አልነበረም የእኛ ቤት።

እሁድ ጠዋት አልተነሣችም። እናቴ ለቅዳሴ ልትቀሰቅሳት ገባች። የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም።

ክሊኒክ ወሰድናት። የወሰድናት ወግ ለማድረስ ነው፤ ሁላችንም እያወቅን ነበር። ሐኪሙ ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባዋን ሳይዘጋው አይቀርም አለ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ይቅርታ ጠየቀን። ያን ቀን ካነጋገሩኝ ሰዎች ሁሉ ያላስጠላኝ እሱ ነው።

ስንመለስ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሐዘን ልብ ይሰብራል ሲባል ሰምቻለሁ። ሆድ ያገለብጣል ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን በሙሉ ያቅለሸለሸኝ ነበር። ሰው እያቀፈኝ፣ የሰው ላብና ሽቶ ፊቴ ላይ እየቀረ፣ እኔ የማስበው የት ሄጄ እንደማስመልስ ነው።

ከቀብር በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በእኛ ሰፈር የሚያነቡት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ያማረ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ እኔን ጠሩኝ። ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው ያጽፉኛል።

"ጻፍ። 'በተለያዩ የሥራ ዘርፎች ሀገሯን በቅንነት ያገለገለች'።"

"የትኞቹ ዘርፎች ጋሼ?"

"ጻፍ አልኩህ።"

"ኳስ ተጫዋች ነበረች እኮ።"

"ማን አያውቅም? የሚያውቅ ያውቃል። ካህናት ፊት፣ አስከሬን ፊት ስለ ቁምጣ አይወራም። እህትህን ላከብራት ባልኩ!"

"ተከላካይ ነበረች ብቻ ብንልስ? ኳስ ሳንል።"

"ምን የምትከላከል? ሰው ዘበኛ ነበረች እንዴ ይላል። ቀጥል፣ 'ለታላላቆቿ ታዛዥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ጨዋ ልጅ'።"

ድምፅዋ የማይሰማ። እጄ ይህን ጻፈ። እህቴ ከእንጦጦ ሆና ስትጮህ ታች ሰፈር የሚሰማት ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት መጨረሻው ላይ በራሴ አንድ መስመር ጨመርኩ። "የመሃል ተከላካይ ነበረች" የሚል። አጎቴ መነጽራቸውን ሳያደርጉ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ፎቶውም መጣ። ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት ነው ያሠሩት። አንገቷን ቆርጠው ለብሳው የማታውቀው ጥልፍ ቀሚስ ላይ ተክለውታል። ፊቷን አንጥተውታል። የግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ ማዕዘን ምት ሲሻማ ከአንዷ ጋር በጭንቅላት ተጋጭታ ያገኘችው። ተሰፍታ ተመልሳ ገብታለች ያን ቀን። ፎቶ ቤቱ ጠባሳውን አጥፍቶታል። ቅንድቧ ሙሉ ሆኖ፣ እንደ ማስታወቂያ ሴት ሆና ታየኛለች። ሴቶቹ ያንን ፎቶ ከፍ አድርገው ይዘው አለቀሱ። እናቴ እንኳ ፎቶውን እያየች አለቀሰች። እኔ ማን እንደሞተብኝ ግራ ገባኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አጎቴ አነበቡ። በእርግጥ ድምፃቸው ያማረ ነው። የተለያዩ የሥራ ዘርፎችን አነበቡ። ድምፅዋ የማይሰማ ጨዋ ልጅን አነበቡ። መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ትንፋሽ ወሰዱ። የእኔን መስመር እንዳዩት አወቅሁ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ "እግዚአብሔር ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን" ብለው አጠፉት።

ይኼኔ ከክለቡ የመጣ ሰውዬ ሜጋፎን ይዞ ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። እህቴ ስትጎዳ አልመጣም፤ ከዚያም አልደወለም። ሙሉ ልብስ ለብሷል። አጠገቡ ያለው ልጅ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ማሊያ ይዟል። ሰውዬው ሜጋፎኑን ሁለት ጊዜ እፍ እፍ አለበት።

"ክለባችን አንዲት ጀግና አጥቷል! ኳስና መረብን በማገናኘት የምትታወቀው፣ የግብ ቀበኛዋ፣ የተከላካዮች ራስ ምታት..."

ከኋላዬ የምታሠለጥናቸው ልጆች ቆመው ነበር። በቱታ ነው የመጡት። ነጠላ የለበሰችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሱም የእናቷ ይመስለኛል።

"ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?" አለች አንዷ።

"የሌላ ሰው ቀብር መስሎት ነው።"

"ኮች ጎል አግብታ ታውቃለች እንዴ?"

"አንድ።"

"በራሷ ላይ።"

ልጆቹ እንባቸው እየወረደ በሳቅ ፈነዱ። አፋቸውን በእጃቸው አፈኑ። አንዲት ትልቅ ሴት "እናንተ ባለጌዎች! ቀብር ላይ?" ብላ አንዷን ክንዷ ላይ ቆነጠጠቻት። እኔም ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ሰውዬው አዲሱን ማሊያ ከላስቲኩ አውጥቶ ሳጥኑ ላይ ዘረጋው። ዘጠኝ ቁጥር ነው። የአጥቂ ቁጥር ነው ዘጠኝ። የሱቁ ወረቀት አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰው አጨበጨበ። ቀብር ላይ አጨበጨበ። ሳቄ ጠፋ።

አሁን ሳስበው ሁለቱም፣ አጎቴም ሰውዬውም፣ ክፉ ሰዎች አልነበሩም ይሆናል። አንዱን አሳፈረችው፤ ሌላው አላያትም። ግን እህቴ ዕድሜዋን በሙሉ የሠራችው፣ አንድ ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው። ያልገባ ጎል ማን ያያል? ማንም አያይም። ስለዚህ ሲሞቱ ሰው የፈለገውን ይሞላበታል። ይህን ያኔ እንዲህ አላሰብኩትም። ያኔ የማስበው ሜጋፎኑን ነጥቄ ሰውዬው አፍ ላይ ስለመምታት ነበር።

ከቀብር ተመለስን። እጅ አስታጠቡን። ንፍሮ ዞረ፤ ከዚያ ምግብ ቀረበ። ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሐዘንተኛ መቀመጥ አለበት። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች አፋቸው ወዝቷል።

"ወጡ ጨው ያንሰዋል።"

"ለለቅሶ ቤት ይበቃል።"

"ልጅም የላትም አይደል?"

"ኳስ ስታባርር መቼ ወለደች!"

"ኳስ እኮ ለሴት ማህፀን አይሆንም አሉ። ያዞረዋል።"

"አሉ እንግዲህ። ዞሮ ዞሮ እሱ ነው የገደላት። እስቲ እንጀራውን ወደዚህ በለው።"

እንጀራ ያስመጣው ሰውዬ ሲያላምጥ አገጩ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ጥርሱ መሃል ምስር አለ። ተነሣሁ። ውጭ ወጥቼ ከቤቱ ኋላ፣ ማድቤቱ አጠገብ፣ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ማስመለስ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

ማድቤቱ ውስጥ የዕድር ሴቶች ይሠራሉ። ጎረቤታችን፣ እናቴን ጠዋት ከመሬት ያነሣቻት ሴት፣ ትልቁን የምስር ወጥ ድስት ከእሳት ልታወርድ ነው። ደግ ሴት ናት። ያን ቀን የእውነት ካለቀሱት አንዷ እሷ ናት። ድስቱን በሁለት እጇ በጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። በግራ በኩል የያዘችበት ጨርቅ ግራጫ ነው። ከእጇ በታች የተሰነጣጠቀ አራት ቁጥር ተንጠልጥሏል። ዘይትና በርበሬ ጠጥቶ ግማሹ ቀልቷል።

ድስቱን መሬት ላይ እስክታስቀምጥ ጠበቅሁ። ለምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ሙቅ ስለሆነ ይሆናል፤ እንዳትቃጠል።

"ያንን ጨርቅ ስጪኝ።"

"የቱን? ይሄን?" አየችው። "ከበሩ ኋላ ባልዲ ላይ ነው ያገኘሁት። ምነው? ድስት ልታወርድበት ነው? ሌላ አለ፣ ቆይ..."

"ስጪኝ።"

ሰጠችኝ። አሁንም ትኩስ ነበር። ያኔ ነው ያየችው። ቁጥሩን አየች፤ እኔን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ውይ! ውይ በሞትኩት! የሷ ነው እንዴ? እኔ እኮ መወልወያ መስሎኝ..." አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

እሷን ምን ብዬ እናገራታለሁ? ጥፋቷ ጨርቅ መፈለጓ ነው። ማሊያውን አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጭስ። ከሥሩ የምትቀባው ቅባትና ላቧ ይኖራል ብዬ ፈለግሁ። አገላብጬ፣ ብብቱ ላይ ሳይቀር ፈለግሁ። የለም። ምስር ወጥ ነው የሚሸተው። ያኔ አስመለሰኝ።

አልጋዬ ሥር አስቀምጬው ተኛሁ። ተኛሁ ማለት አይደለም።

ጠዋት ሰው ሳይበዛ ተነሣሁ። ከጀሪካን ውሃ ሳፋ ውስጥ ቀዳሁ። ደረቅ ሳሙና ፈለግሁና በሩ ላይ ተንበረከክሁ። ማሊያውን ስነክረው ውሃው ወዲያው ቀላ። ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ደፋሁት። እንደገና ቀዳሁ። አሸሁት፣ ፈተግሁት፣ ደፋሁት። የጣቴ ቆዳ ተላጠ፤ በርበሬው ገባበትና አቃጠለኝ። ካልሲ እንኳ አጥቤ አላውቅም፤ ልክ ናት። ቁጥሩ እንዳይረግፍ እሱን በመዳፌ ብቻ ነው ያሸሁት። ውሃው እየነጣ ሄደ። በስተግራ በኩል ያለው ቀይ ነገር ግን አልለቀቀም። ደብዝዞ ቀረ።

ጨምቄ ይዤው ወጣሁ። ግቢያችን ውስጥ ልብስ የምናሰጣበት ገመድ የድንኳኑ አፍ ፊት ለፊት ነው። ሰጣሁት። ጀርባውን፣ ቁጥሩን፣ ወደ ድንኳኑ አድርጌ።

አጎቴ ሊቀመጡ ሲመጡ አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማሊያዋ ነው።"

"አውርደው። ሰው እየመጣ ነው።"

"ሰው እንዲያየው ነው ጋሼ።"

"ነውር ነው እኮ! ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ እርጥብ ልብስ! ደግሞ ቆሻሻው አልለቀቀም። እህትህን ነው የምታዋርደው።" እጃቸውን ወደ ገመዱ ዘረጉ።

ፊታቸው ቆምኩ። አልገፋኋቸውም። እጄን አላነሣሁም። ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ አልኩ፤ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አክብሬያቸው ነው የኖርኩት። ዓይናቸውን አላየሁም፤ ወገባቸውን ነው ያየሁት።

"አንተ ልጅ፣ ዞር በል!"

"አልልም ጋሼ።"

እናቴ ደጃፉ ላይ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። አንድም ጨዋታ አይታ አታውቅም እናቴ። ድሮ የእህቴን ታኬታ ጫማ ቆልፋ ታስቀምጥባት ነበር። ቀስ ብላ መጣች፤ አጎቴም እጃቸውን መለሱ። ማሊያውን በእጇ ነካችው። ቀይ የቀረበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ፈተገችው።

"ልብስ ሲሰጣ ይገለበጣል" አለችኝ። "ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል።"

"ከተገለበጠ ቁጥሩ አይታይም እማዬ።"

ከዚያ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ከነበሩት መርፌ ቁልፎች ሁለቱን ፈታችና ነፋስ እንዳያዞረው ትከሻውን ከገመዱ ጋር በግራና በቀኝ ቆለፈችው። ወደ ድንኳኑ ገብታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አጎቴ ቆዩ፤ ቆዩና ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ።

ሰው መምጣት ጀመረ። ማሊያው ይንጠባጠባል። እኔ ከገመዱ አልተነሣሁም። አንድ ከላይኛው ሰፈር የመጡ፣ ቀብር ላይ ያልነበሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ፊቱ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይሄ የማን ነው ልጄ?"

"የእህቴ ነው።"

"ኳስ ትጫወት ነበር?"

"አዎ አባቴ። የመሃል ተከላካይ ነበረች።"

"ታገባ ነበር?"

"አታገባም" አልኳቸው። "ሌላ ሰው እንዳያገባ ነበር የምታደርገው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እግዜር ያጽናችሁ" ብለው ገብተው ተቀመጡ። እኔ ማሊያው እስኪደርቅ እዚያው ቆምኩ።